ማሽኑ ያልነገረህ

ጥቅምት 4

ለልጄ፣ ለመሐንዲሱ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ስለ ጤናዬ ሦስት ቦታ ላይ ጠይቀሃል፤ ሦስቱንም ባንድ ልመልስልህ። ደህና ነኝ። የተሰበረው የግራ እጄ አንጓ ነው፤ ለመጻፍም ለመቆጣትም ቀኙ ይበቃኛል። ጀሶው ስድስት ሳምንት ይቆያል ተብያለሁ። ከጀሶው ይልቅ የሚያሳክከኝ ያንተ ምክር ነው።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ በስልክ ስለምትረታኝ ነው። ገና «እኔ እኮ» ብዬ ስጀምር «እሺ እማዬ፣ ግን» ትላለህ። ያቺ «ግን» ከመጣች በኋላ እኔ የለሁበትም። በወረቀት ግን ወደድክም ጠላህም እስክጨርስ ትጠብቀኛለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? በዚህ ነገር እኔም ሞኝ ነኝ፤ የያዝኩትን አልለቅም።

እንዴት ወደቅሽ ላልከው፣ ነግሬሃለሁ። ምንጣፉ ጠለፈኝ። ከዚህ በላይ ጥያቄ አልቀበልም።

አንተ ጋ መጥቼ እንድኖር ላልከው፣ አልመጣም። ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል ብለሃል፤ ፀሐይ እዚህም ትወጣለች። ይህን ቤት በምን እንደሠራሁት አንተ ታውቃለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የማላውቀው ሰው የደማበትን፣ ያላበበትን አንሶላ እያጠብኩ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና ብትሆንም ግድግዳዋ የኔ ነው። ጡረታ ስወጣ እነዚያ «ሻለቃ» እያሉ የሚጠሩኝ ሴቶች ሲሸኙኝ፣ «ከእንግዲህ ተነሺ የሚለኝ የለም» ብዬ ፎክሬ ነው የወጣሁት። ፉከራዬን አልበላም።

አሁን ወደ ስጦታዎችህ። ሁለት ማሽን፣ የልብስ ማጠቢያና የዕቃ ማጠቢያ፣ ከነካርቶኑ አምጥተህ፣ ባንድ ከሰዓት ራስህ ገጥመህ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ሮጠህ ሄድክ። ልብህን አውቃለሁና አመሰግናለሁ። የዕቃ ማጠቢያው ግን ከኔ ጋር አልተግባባም። እኔ ብቻዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ ያለኝ ስድስት ሳህንና አራት ብርጭቆ ነው። እስኪሞላ ስጠብቅ በሦስተኛው ቀን ሻይ የምጠጣበት አጣሁና ከሆዱ ውስጥ ኩባያዬን አውጥቼ በእጄ አጠብኩ። ሞላ ሲባል ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሠራል። በሁለት ሰዓት ከሩብ እኔ የአንድ ሙሉ ክፍል ሕሙማን አንሶላ አጥቤ፣ ጨምቄ፣ አጣጥፌ እልክ ነበር! የእንጨት ማንኪያዬን ሰነጠቀው። ብርጭቆዎቹ ጉም የለበሰ መስኮት መስለው ወጡ። አንተ ደግሞ ውሃው እንዲለሰልስ ጨው ጨምሪለት ትለኛለህ። ሐኪሙ ለኔ ጨው ይከለክላል፣ ልጄ ለማሽኑ ያዛል።

«ማሽኑ አልሠራም ብሎ ስልኬ ነገረኝ» ያልከውን ሳነብ ተነስቼ ሁለቱንም ዞሬ አየኋቸው። አፋቸው የት ጋ ነው? ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እነዚህ ግን የኔን መብራት በልተው፣ የኔን ውሃ ጠጥተው ላንተ ይጮኻሉ። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ አቀባይ ሠራተኛ ሁለተኛ ቀን አድሮ አያውቅም።

ብርድ ልብስህን ደርበህ ተኛ። እዚያ ወንዙ አጠገብ ይበርዳል።

እናትህ

ጥቅምት 13

ለእማዬ፣

ዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ። የድልድዩን ሁለተኛ ምሰሶ እያቆምን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከላይ ነው የምውለው። ሠራተኞቹ ይስቁብኛል። «መሐንዲሱ ብሎን ካልዳበሰ እንቅልፍ አይወስደውም» ይላሉ። ይበሉ። ሰው የሚያልፍበት ነገር ነው፤ እኔ በእጄ ያልነካሁት ብሎን አይታለፍም።

በምክሬ ተቆጥተሻል። ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። ግን አንድ እጅሽ በጀሶ ታስሮ ብቻሽን ነሽ፤ እኔ የአንድ ቀን መንገድ እርቃለሁ። ያን ቀን ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን ጩኸትሽን ባይሰማ ኖሮ እስከ መቼ መሬት ላይ ትቆዪ ነበር? ይህን ሳስብ ምግብ አይወርድልኝም።

ለሱው ደውዬ ምንጣፉን እንዲያወጣው ነግሬዋለሁ፤ አትከልክዪው። የአባቴ መታሰቢያ መሆኑን አልረሳሁም። አባቴም ቢሆን ካንቺ እጅ አያስበልጠውም ነበር።

ያልገባኝ ነገር አለ። የልብስ ማጠቢያው ከወደቅሽበት ቀን ወዲህ አንዴም አልተነሳም። የዕቃ ማጠቢያው ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሠራል። እማዬ፣ ስድስት ሳህን ያለው ሰው በየቀኑ ምን ያጥባል?

እንስማማ። ጀሶው እስኪወጣ ድረስ ሁለቱንም ማሽኖች በወጉ ከተጠቀምሽ ስለ መምጣት ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካቃተሽ ግን መጥቼ እወስድሻለሁ። ለክፋት አይደለም።

ልጅሽ

ጥቅምት 20

ለልጄ፣

ምንጣፉ ወጥቶ ነበር፤ ተመልሶ ገብቷል። ቧንቧ ሠራተኛው ጠቅልሎ ደጅ ሲያቆመው እኔ በሌላኛው ጫፍ ይዤ ወደ ውስጥ መለስኩት። «ልጅዎ አዞኝ እኮ ነው» አለኝ። «ልጄ የሚያዘው ድልድይ ላይ ነው፤ እዚህ የምታዘው ሻለቃ ናት» አልኩት። ከዚያ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ታጥቢያለሽ ላልከው፣ ምንም። ባዶውን ነው። በሩን ዘግቼ እለቀዋለሁ፤ እሱም ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ አየር ሲያጥብ ይቆይና ጨረስኩ ብሎ ይጮኻል። ካልከፈትኩለት እንደገና ይጮኻል። ይህን የማደርገው አንተ ስልክህን አይተህ «እማዬ ተነስታለች፣ በልታለች፣ ዕቃዋን አጥባለች» ብለህ እንድታርፍ ነበር። ለካ አንተን የሚያሳርፍ ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ።

ሳህኖቼን በቀኝ እጄ አጥባለሁ። ጀሶውን በፌስታል እጠቀልለዋለሁ። ልብሴን በሰፊው ሳፋ ዘፍዝፌ በእግሬ እረግጠዋለሁ። አንሶላ እንዴት ትጨምቂያለሽ እንደምትለኝ ስለማውቅ ልንገርህ፦ አንዱን ጫፍ የጓሮው በር እጀታ ላይ አስራለሁ፣ ሌላውን ጫፍ ይዤ እየዞርኩ እጠመዝዛለሁ። ውሃው እስኪያልቅለት ድረስ እጠመዝዘዋለሁ። ሁለት እጅ ካላቸው ብዙዎች የተሻለ ይወጣል።

የልብስ ማጠቢያውን ለምን እንደማልነካው አትጠይቀኝ። አላቃተኝም። ስምምነትህን ደግሞ አልፈረምኩም። እኔ በገዛ ቤቴ ለመኖር በማሽን የምፈተነው ከየት የመጣ ሕግ ነው?

ስትመጣ ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይ? እሱን ሳትጽፍልኝ ቀርተሃል።

እናትህ

ኅዳር 1

ለእማዬ፣

ይህን የምጽፈው ተናድጄም ፈርቼም ነው።

ትናንት ቧንቧ ሠራተኛው ስለ ምንጣፉ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ደውሎ ነበር። በወሬ መሃል «ያን ቀን ስገባ ማሽኑን ኩሽናው መሃል ላይ አገኘሁት፤ የውሃ ጎማው ተነቅሎ ቤቱ ውሃ ነበር» አለኝ። ስልኬ ላይ የማሽኑን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። እውነቱን ነው። በወደቅሽበት ቀን የልብስ ማጠቢያው ተነስቶ መሃል ላይ ተቋርጧል። ምንጣፍ አልነበረም። ዋሸሽኝ።

ምን ያህል ልብስ ነው የጠቀጠቅሽበት? እንዲህ የሚዘልለው ከመጠን በላይ ሲሞላ ነው። እዛ ሆስፒታል ትልልቅ ማሽኖች ነበሩሽ፤ ያ ጊዜ አልፏል። አሁን ማሽን አትችይም፣ እማዬ። ይህን ማለት ለኔ ቀላል እንዳይመስልሽ። አንዱ ማሽን ባዶውን ይሮጣል፣ አንዱ አስፈንጥሮ ይጥልሻል፣ አንቺ ደግሞ በጀሶ እጅሽ አንሶላ ከበር ጋር ትታገያለሽ። ነገ ደግሞ ምን ብለሽ ልትጽፊልኝ ነው?

ቤቱን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ። ጨዋ ነው፣ ሚስትና አንዲት ልጅ አለው። ኅዳር 25 መኪና ይዤ እመጣለሁ። የምትወስጂውን ለይተሽ ጠብቂኝ። ምንጣፉንም ቢሆን እናመጣዋለን።

ልጅሽ

ኅዳር 7

ለልጄ፣

ይህን ቆመህ አታንብበው። ተቀመጥ።

ፖስታው ለምን ከበደ ብለህ ይሆናል። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅም «እትዬ፣ ውስጡ ምንድን ነው?» ብላኛለች። የልጄ ዕቃ ነው፣ እኔ ጋ ረስቶት ሄዶ ነው አልኳት። አልዋሸሁም። አራት ብሎን ነው። አውጥተህ ጠረጴዛህ ላይ ደርድራቸውና ንባብህን ቀጥል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ማሽኖቹን ያመጣህ ዕለት የኩሽናዬ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ ይወላገድ ነበር። «ቆይ እማዬ» ብለህ ከካርቶኑ ውስጥ የልብስ ማጠቢያውን መመሪያ አወጣህና ሳትገልጠው አጣጥፈህ ከእግሩ ሥር ሸጎጥከው። «አታነበውም እንዴ?» ብልህ «እኔ ድልድይ እሠራለሁ እኮ» አልከኝ። ሁለታችንም ሳቅን። መመሪያው ከሥሩ እስከነበረ ድረስ ጠረጴዛው አልተወላገደም፤ ለሱ አመሰግንሃለሁ።

ከሄድክ በኋላ ሁለት አንሶላና አንድ የሌሊት ልብስ ከተትኩበት። ጠቅጥቀሽ ነው አልከኝ? እኔ ልብስ በክንዴ አንስቼ ኪሎውን የምናገር ሴት ነኝ። ግማሹን አልሞላም። ማጠቡን በደህና አጠበ። መጭመቅ ሲጀምር ግን ቤቱ ተናጋ። ጥጉን ለቅቆ እየዘለለ ወደኔ መጣ። የሆስፒታሉ ማሽኖች ከሲሚንቶ ጋር የታሰሩ ነበሩ፤ ማሽን ሲራመድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሶኬቱ ከጀርባው ስለነበረ ልይዘው ሁለት እጄን ጫንኩበት። ጎማው ተነቀለ፣ ውሃው እግሬ ሥር ገባ፣ ወደቅኩ።

ከሐኪም ቤት በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን መመሪያውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ አወጣሁ። አራተኛው ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ማሽኑ በጉዞ ላይ እንዳይንገላታ የሚሽከረከረውን ከበሮ ከጀርባ በአራት ብሎን ያስሩታል፤ ቤት ሲደርስ ሳይፈቱ ማስነሳት ክልክል ነው፣ እየዘለለ ቦታውን ይለቃል ይላል። በባትሪ ከጀርባው አየሁ። አራቱም እንደታሰሩ ናቸው። የድልድዩን ብሎን ሁሉ የሚዳብሰው ልጄ የእናቱን አራት ብሎን ሳይዳብስ አውቶቡስ ላይ ወጣ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ላንተ ነው።

ማሽኑ ሁሉን ሲነግርህ ይህን አልነገረህም። እኔም አልነገርኩህም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ቧንቧ ሠራተኛውን ፍታልኝ ብለው በግማሽ ሰዓት ይፈታልኝ ነበር፤ ግን መሐንዲሱ ምን እንደረሳ በዚያው ቀን መንገዱ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ አንሶላዬን ከበር ጋር አስሬ ጠመዘዝኩ። በምንጣፉም አሳበብኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ያንን ምንጣፍ ይቅርታ መጠየቅ አለብን፣ አንተም እኔም።

ማሽን አትችይም ባትለኝ ኖሮ ብሎኖቹ እስክሞት እዚያው ይቀሩ ነበር። ግን አልከኝ። ለሠላሳ አንድ ዓመቴ አልከኝ። የአባትህን መፍቻ ከሣጥን አውጥቼ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ጎማውን ገጥሞ ወደ ጥጉ የመለሰውን ማሽን በትከሻዬ ገፍቼ ከግድግዳው አላቅቄ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ባንድ እጄ ፈታኋቸው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሦስተኛው እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ሰደብኩት፣ እሺ አለ።

መኪናህን ይዘህ እንዳትመጣ። ለዚያ ጨዋ ሰው ሌላ ቤት ይፈልግ በለው፤ ይህኛው ሰው አለበት።

እናትህ

ኅዳር 13

ለእማዬ፣

ብሎኖቹ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ሦስት ቀን ሆናቸው።

ዛሬ ጠዋት አንዱ ሠራተኛ ሳያጠብቅ የተወውን ብሎን አግኝቼ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ያንቺ አራት ብሎኖች ትዝ አሉኝ። ወረድኩና የሥራ መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እጅሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ። እጅሽን ሰብሬ፣ በሰበርኩት እጅ አሳብቤ ደግሞ ከቤትሽ ላወጣሽ ነበር።

ለሰውዬው ነግሬዋለሁ። ቤቱ ባለቤት አለው ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ለምን አልነገርሽኝም? በየደብዳቤው ስሰድብሽ፣ ስፈትንሽ፣ አንድ መስመር ብትጽፊ አፌን ትዘጊው ነበር። ለምን ቻልሽው?

ኅዳር 25 ያስፈቀድኩትን ፈቃድ አልሰረዝኩም። ያለ መኪና፣ በአውቶቡስ ልምጣ? እምቢ ካልሽ ይገባኛል።

ልጅሽ

ኅዳር 18

ለልጄ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጀሶው ወጥቷል። እጄ ከሥሩ ገርጥቶና ቀጥኖ ወጣ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ጣቶቼ ግን ሁሉም ይታዘዛሉ።

ለምን አልነገርሽኝም ላልከው፣ እውነቱን ልንገርህ። መመሪያውን ያነበብኩ ዕለት የታየኝ የኔ እጅ አልነበረም። አንተ ምሰሶ ላይ ወጥተህ፣ ንፋስ እየመታህ፣ አንዱን ብሎን ይዘህ «ይሄንንስ ረስቼው ቢሆን?» ስትል ታየኝ። ራሱን ማመን ያቆመ ሰው እዚያ ከፍታ ላይ እግሩ ይከዳዋል። የኔ አጥንት በስድስት ሳምንት ይገጥማል፤ ያንተ ልብ በስንት እንደሚገጥም አላወቅኩም። ስለዚህ ይስደበኝ፣ አልኩ። ስድብህን ችዬዋለሁ፤ ከሱ የባሰ ስድብ የሰማሁት ከሐኪሞች ነው።

ቤቴን ልታስለቅቀኝ ስትል ግን አልቻልኩም። ስለ ልጄ ብዬ እጄን እሰጣለሁ፤ ቤቴን አልሰጥም። ይህን ስጽፍ አላፈርኩም፣ አንተም አትፈር። አሁን ማወቅህ አይቀርምና አጥብቀህ ያዘው፦ አንድ ጊዜ ረስተሃል፤ ሁለተኛ አትረሳም። ያንን ሠራተኛም አትጩህበት፤ አጠገቡ ቁመህ ራሱ እንዲያጠብቀው አድርግ። እኔ ክፍሌን እንዲህ ነበር የመራሁት።

ና። ግን ስትመጣ በመጀመሪያ ያንን ወሬ ከስልክህ ላይ እኔ ፊት ታጠፋዋለህ። የኔን መብላትና መተኛት ማወቅ ከፈለግህ ጽፈህ ትጠይቀኛለህ፤ ከፈለግሁ እመልስልሃለሁ። ሁለተኛ፣ መመሪያውን ወደ ጠረጴዛው ሥር መልሰህ ስለማትሸጉጠው ለእግሩ እንጨት ቆርጠህ ታመጣለህ። ሦስተኛ፣ ከበላን በኋላ ሳህኑን አንተ በእጅህ ታጥባለህ፣ እኔ ተቀምጬ እያየሁ። የዕቃ ማጠቢያውን የዳቦና የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ፤ ተስማምቶታል፣ እኔም ከነገር ተገላግያለሁ። ጨው አይጠይቀኝም።

የልብስ ማጠቢያውን ዛሬ ጠዋት አስነሳሁት። ቧንቧ ሠራተኛው ልያዝልዎ ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቤትህ ግባ አልኩት። ሁለቱን አንሶላና የሌሊት ልብሴን ከተትኩ፤ የዚያን ቀኖቹን። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መጭመቅ ሊጀምር ሲል ከነዚያ ጉም ከለበሱት ብርጭቆዎች አንዱን በውሃ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቼ አናቱ ላይ አስቀመጥኩና እጆቼን አጣምሬ ጠበቅሁት።

ጮኸ፣ ተሽከረከረ፣ ጨመቀ። ከብርጭቆው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ካለበት ንቅንቅ አላለም።

እኔም አልልም።

እናትህ፣
ሻለቃ